የከድጃ አህያ የምታውቃቸው በሮች

ደስታን ፍለጋ ሩቅ አገር የሚሄዱ ሰዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ሩቅ አገር የሄድኩት እጄን ስላወጣሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ የደርግ፣ ወሬው ሁሉ መሠረተ ትምህርት ነው። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ጉለሌ እናቴ ቤት ግልምጫ እየበላሁ ተቀምጫለሁ። አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «በገዛ ፈቃዱ ገጠር ሄዶ የሚያስተምር ወጣት ካለ እጁን ያውጣ» ተባለ። ከፊቴ የተቀመጠችው ጓደኛዬ እጇን ከፍ አደረገች። እሷ አውጥታ እኔ ልቀር ነው እንዴ! ብዬ እኔም አወጣሁ። ለካስ እሷ እጇን ያነሣችው የተንሸራተተ ሻሿን ልታስተካክል ኖሯል! ሻሿን አስተካክላ እጇን አወረደች፤ የእኔ እንደተሰቀለ ቀረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ «ተሳስቼ ነው» ይባላል? አይባልም።

የደረሰኝ ቦታ ሐረር አጠገብ፣ ድሬ ጠያራ የምትባል መንደር ነበረች። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቁጭ አለች። «ልጄን ውጭ አገር ወሰዱብኝ!» ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። ሐረር እኮ እዚሁ አገራችን ናት ቢሏት ወይ ፍንክች። «ባቡር ተሳፍራ፣ ከባቡር ወርዳ ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ በእግሯ የምትሄድበት አገር ውጭ አገር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?» አለች። እኔም ከደብረ ዘይት ወዲያ አልፌ ስለማላውቅ በሆዴ እውነቷን ነው አልኩ። ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ቆሎውን፣ ጃንጥላውን አሸክማ ላከችኝ።

እውነትም ውጭ አገር ነበር። ቋንቋው አማርኛ ካልቀላቀሉልኝ አይገባኝም፣ ምግቡ ሌላ፣ ሰላምታው ሌላ። በተለይ ሰላምታው! መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ደህና ነሽ? ቤቱ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ሞኟ መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እመልስ ነበር። «ከብት የለኝም፣ ልጅም የለኝም» ስል ሰዉ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥልኛል። በኋላ ሐዋ የምትባል ተማሪዬ መላውን ነገረችኝ። «መምህርት፣ ለሁሉም አልሐምዱሊላህ በይ። በቃ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሌሉት ከብቶቼ ሁሉ ደህና ሆኑ።

ያልተቻለኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ላገለግል ሄጄ፣ የሚያገለግለኝ በዛ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ጀሪካን ሳነሣ አንዷ ትነጥቀኛለች። ማሽላ ልቁረጥ ብዬ ማሳ ስገባ «ተይ አቦ፣ እንግዳ ነሽ!» ብለው ጥላ ሥር ያስቀምጡኛል። ቤት ልጥረግ ብል መጥረጊያው ይደበቃል። ከሰዓት በኋላ ሾላው ሥር ፊደል አስተምራለሁ፤ ያም ቢሆን ተማሪዎቼ ፊደሉን ከመቁጠር ይልቅ እኔን ማብላት ይቀናቸው ነበር። ክብደቴ ሲጨምር ይሰማኝ ጀመር። በጎ ፈቃደኛ ነኝ ብላ ወፍራ የምትመለስ ልጅ እናቷን ምን ብላ ታያለች?

አሁን ወደ ከድጃ ልምጣ። ከድጃ የሐዋ እናት ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ ሴት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሐዋን ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ወተት ይዛ ሐረር ስትመላለስ አማርኛውን አቀላጥፋዋለች። «እርስዎ» ብላት ተቆጥታ፣ «እኔ ሽማግሌ ነኝ? አንቺ በይኝ!» ብላ አስተወችኝ።

የመንደሩ ሴቶች የወተት ፈረቃ አላቸው። የአንዲት ሴት ላም የምትሰጠው ወተት ለብቻው ሐረር ድረስ አያስኬድም። ስለዚህ ሁሉም ያለቡትን በየቀኑ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ ባለተራዋ የሁሉንም ይዛ ትወርዳለች፤ ሽያጩ በሙሉ የእሷ ነው። በማግስቱ ተራው የሌላዋ ነው። አንዲት ሴት ከፍ ያለ ነገር መግዛት ሲያምራት ተራዋን ትጠብቃለች። ተራዋ ካመለጣት ደግሞ ወረፋው እስኪዞር አፏን ይዛ መቀመጥ ነው።

ከድጃ ተራዋን የጠበቀችው ለሐዋ ሳጥን ነው። ሐዋ ልታገባ ቀኑ ደርሷል። በዚያ አገር ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ልብሷ የሚቀመጥበት፣ አበባ የተሳለበት የቆርቆሮ ሳጥን አብሯት ይወጣል። ሳጥኑን መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ የወጣች እንደሆነ፣ እናቷ ምንም አላሰናዳችላትም ይባላል። ከድጃ ደግሞ «አባት የሌላት ልጅ ናትና ነው» እንዲባል አትፈልግም። ይቺን ነገር ስታወራ ብቻ ነው እጇ የሚያርፈው።

ታዲያ በተራዋ ዋዜማ ከድጃ ላሟን ስትመልስ የአይጥ ጉድጓድ ረግጣ እግሯን ወለም አላት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጉልበቷን አከለ። ማሽላው ደርሷል፣ ወፉ መጥቷል፣ ሴቱ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ሐዋ እንዳትሄድ ሙሽራ ከቤት አትወጣም። ሴቶቹ የከድጃ ቤት ተሰብስበው ሲያጉረመርሙ እኔ ዘልዬ ተነሣሁ።

«እኔ እሄዳለሁ!» አልኩ።

የፈረቃው ሰብሳቢ ፋጡማ ናት፤ ሰፊ ሴት፣ ነገርን ቀስ ብላ የምታኝክ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ወተት ተሸክመሽ ታውቂያለሽ?» አለች።

«አላውቅም።»

«ሸጠሽስ?»

«አላውቅም።»

«የከድጃን ደንበኞች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፤ ግን ለማገልገል ነው የመጣሁት!» አልኩ።

ከድጃ ከመደቧ ላይ ሆና ሳቀች። «አህያዋ ታውቃለች» አለች። «አህያዋ የቆመችበት በር ላይ መሸጥ ነው። ሃዬ፣ ትሂድ። ያ ረቢ፣ አንተው ጠብቃት!»

ጎሕ ሲቀድ ጀሪካኖቹና ቅሎቹ አህያዋ ላይ ተጫኑ፣ እኔም ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ስለ አህያዋ ምን ልበላችሁ? ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የተሸረፈ፣ ኩራተኛ። እኔ ስነዳት አትሄድም፤ ስተዋት ትሄዳለች። መንገዱን ግን የምታውቀው እሷ ብቻ አልነበረችም። ያገኘኝ ገበሬ ሁሉ «ይቺ የከድጃ አህያ አይደለችም እንዴ?» እያለ ያስቆመኛል። አንዱ ሽማግሌማ የአህያዋን ጆሮ ጨብጠው አለቅም አሉ።

«ሌባ አላልኩሽም ልጄ» አሉኝ፤ «ግን አህያዋን እኔ ልያዛት፤ አንቺ ከፊት ከፊት ሂጂ።» የከተማው መግቢያ ኤረር በር እስክንደርስ ድረስ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ እንደ እስረኛ ተነዳሁ። በሩ ላይ አንዲት ሴት «አህ፣ የሾላው መምህርት!» ብላ ባታውቀኝ ኖሮ የት እንደማድር አላህ ይወቅ። ሽማግሌው አፍረው ከሸንኮራቸው ሰንጥቀው ሰጡኝ፤ እያኘክሁ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ገባሁ።

ጁገል ውስጥ መንገድ ማለት ግድግዳና ግድግዳ መካከል የተረፈ ነገር ነው። ጃንጥላዬ አንዱን ግድግዳ ሲለቅ ሌላውን ይይዛል። አህያዋ ግን ቤቷ የገባች ያህል ደስ አላት። አንድ በር ላይ ትቆማለች፣ ሴትዮዋ ጣሳዋን ይዛ ትወጣለች፣ «ከድጃስ?» ትላለች። እኔም «እግሯን ታማ ነው፤ ሰላም ብላለች» እላለሁ። ከድጃ ሰላም አላለችም፤ እናቴ ግን ሰው ቤት ስትልከኝ «ሰላም ብላለች በይ» ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም፤ ያደግኩበት ነው።

ከዚያ ምርቃት የሚባል ጉድ መጣ። ጣሳው ሞልቶ ከተገለበጠ በኋላ ከላይ ጠብ የምትደረግ ጭማሪ አለች። ከድጃ ጠብ ስታደርግ ጠብ ብቻ ነው። እኔ ግን ልክ አላውቅ! «ምርቃትሽን!» ሲሉኝ ግማሽ ጣሳ እቀዳለሁ። «ማሻአላህ! አላህ ይስጥሽ!» ሲሉኝ ደግሞ ደስ ይለኝና እጨምራለሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በየቅያሱ ዞረ መሰለኝ፣ አህያዋ ያልቆመችባቸው በሮች ሁሉ ይከፈቱ ጀመር። ወተት ጠጥተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ጣሳ ይዘው ወጡ። እኔ የተወደድኩ መስሎኝ በደስታ ሰክሬያለሁ።

አንድ ጥምዝ ጋ ግን አህያዋ አንድ አረንጓዴ በር ፊት ተተክላ ቀረች። አንዲት አሮጊት ወጡ፤ ነጭ ሻሽ፣ ደብዛዛ ቀይ ቀሚስ። አህያዋን አዩ። እኔን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ከድጃ ናት። እግሯን ታማ ነው። ሰላም ብላዎታለች።»

«እኔን? ዘይነባን?»

«እርስዎን» አልኩ፤ ምን ቸገረኝ።

አሮጊቷ መቃኑን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ገብተው ትልቅ ድስት ይዘው መጡና አስቀዱኝ። ምርቃት ያልጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለአህያዋ የሐብሐብ ልጣጭ አወጡላት፣ አንገቷንም አሻሹላት። እኔ ደግ ሴት ናቸው ብዬ አለፍኩ።

ወተቱ አለቀ። ፀሐይዋ ገና ሳትከር፣ ጠብታ ሳይቀር! እንደ እኔ ያለ ነጋዴ የት አለ ብዬ እየተንጎራደድኩ ገበያው ወዳለበት ፈረስ መጋላ ወጣሁ። ሐዋ የነገረችኝን ሰማያዊ ሳጥን አገኘሁት፤ ቀያይ አበቦች ያሉት፣ ቁልፉ የሚያብረቀርቅ። ባለሱቁ ብሩን ተቀበለኝ፣ አየው፣ ፈገግ አለ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ይሄ የክዳኑ ነው። የታችኛውንስ?»

ምርቃቱን አሰብኩት። ሐረር ላይ ያፈሰስኩት ምርቃት የሳጥኑ ወገብ ነበር! ልከራከር ሞከርኩ፤ እኔ ስከራከር ደግሞ «እባክዎን፣ ካላስቸገርኩ» ነው የምለው። ባለሱቁ «ምንም አላስቸገርሽኝ» እያለ ሳጥኑን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ሐዋ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ስትወጣ፣ ከድጃም እጇን አጣጥፋ ዝም ስትል ታየኝ። እንባዬ መጣ። ዞሬ ወደ ውጭ ሳይ ደግሞ አህያዋ የለችም።

ኡ ኡ አልኩ፤ በእውነት። «አህያ አይታችኋል?» እያልኩ ፈረስ መጋላን ዞርኩ። «ምን ዓይነት?» ይሉኛል። «ግራጫ!» ስል ሰዉ ይስቃል። እውነታቸውን ነው፤ ሐረር ውስጥ ግራጫ ያልሆነ አህያ ማን አየ? የአንዱን ሰው አህያ የከድጃ ናት ብዬ ገመዷን ስይዝ ጮኸብኝ። ሳጥን ልገዛ መጥቼ የሙሽራ እናትን አህያ አጥፍቼ ልመለስ! እናቴ ጋ ለመሸሽ ባቡር የሚነሣበትን ቀን ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ያ የሐብሐብ ልጣጭ ትዝ አለኝና እየሮጥኩ ወደ አረንጓዴው በር ተመለስኩ። የእኔ እመቤት እዚያ ቆማ ታኝካለች! እማማ ዘይነባም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያወሯታል። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምነው ልጄ? ምን አገኘሽ?» አሉኝ። ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ ተራውን፣ ምርቃቱን፣ ሳጥኑን።

«ሐዋ ልታገባ?» አሉ እማማ ዘይነባ። «ጀርባዬ ላይ አዝያት የነበረችው ሐዋ? እኔ ሳልሰማ?»

ነገሩን ያኔ ሰማሁ። ከድጃ ለብዙ ዘመን ወተት ያመጣችላቸው ነበር፤ ሐዋን ትታላቸው ገበያ እስክትሄድ ድረስ ወዳጆች ነበሩ። አንድ ቀን ወተቱ ቀጠነባቸውና ሰው በተሰበሰበበት «ውሃ ጨምረሽበታል» አሏት። ከድጃ አንድ ቃል ሳትመልስ ጣሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አህያዋን በዚያ ጥምዝ እየጎተተች ታሳልፋታለች እንጂ አትቆምም።

«ዛሬ ሰላም ስትልክልኝ ጊዜ...» አሉና የአህያዋን አንገት አሻሹ።

እኔ ውሸቴን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ሻሻቸውን አጥብቀው ተነሡ። «ነይ ተከተይኝ!» አሉኝ። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ባለሱቁ ገና ሲያያቸው «አቦ፣ ዛሬስ አለቀልኝ!» አለ። እማማ ዘይነባ «እባክህን» አያውቁም። ሳጥኑን በጡጫ መቱት፣ ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቁት፣ የባለሱቁን አያት ስም ጠሩ፣ ሄድን ብለው ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ። በመጨረሻ እኔ በያዝኳት ብር ሳጥኑ አህያዋ ላይ ሲጫን ባለሱቁ ራሱ ገመዱን ያስር ነበር። እሳቸው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መስሎኝ ልሰናበታቸው ስል «ሙሽራ ቤት እኮ ነው የምንሄደው» አሉና ቤታቸው ጎራ ብለው ያፈሉትን ወተት በማሰሮ ከድነው ይዘው ተከተሉኝ።

መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ከድጃ በሩ ላይ ብታዋርዳቸውስ? የመንደሩን አቀበት ስንጀምር አልቻልኩም።

«እማማ ዘይነባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከድጃ ሰላም አላለችዎትም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሳይቆሙ ሄዱ። «አወቅሁ እኮ» አሉ። «ከድጃ እንዲህ በቀላሉ ሰላም የምትል ሴት ናት? ደጄን ዘግቼ ልቀመጥ ነበር። ከዚያ ደግሞ ውሸትም ቢሆን ደስ አለኝ። ዝም ብለሽ ንጂ።»

ስንደርስ ሴቶቹ ከማሳ ገብተው የከድጃ ቤት ሞልቷል። ሐዋ ሳጥኑን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እልልታው ግን ሳይጨርስ ተቆረጠ፤ ከሳጥኑ ኋላ እማማ ዘይነባ ብቅ አሉ። ፋጡማ «አውዙቢላህ!» ብላ ወደ ኋላ አለች። ከድጃ መደቧ ላይ እንደተኛች ቀና ብላ አየቻቸው። እጇ ዝም ብሏል። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር።

እማማ ዘይነባ አንድ ቃል ሳይናገሩ ማሰሮውን ከፈቱ፣ በጣሳ ቀዱ፣ ለከድጃ ዘረጉላት። ከድጃ ጣሳውን አየችው፤ ተቀበለችው። ጠጣች።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበር» አሉ እማማ ዘይነባ። «ያን ጊዜም ውሃ አልነበረውም። አፌ ነው የቀደመኝ። ዘመኑን ሁሉ መጥቼ ልነግርሽ እያልኩ በሬ ላይ ቆሜ አህያሽ ስታልፍ አያለሁ። የመጣሁት አንቺን ብዬ ነው፤ ሳጥኑ ሰበብ ነው።» እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወርዶ ከድጃ የያዘችው ጣሳ ውስጥ ጠብ አለ።

ከድጃ ጣሳውን እንደገና ወደ አፏ ወሰደች። ቀመሰች። ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ጨመደደችው።

«የዛሬው ግን» አለች፣ «ወላሂ፣ ውሃ ገብቶበታል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ዘይነባ እየሳቁና እያለቀሱ መደቡ ላይ አጠገቧ ወደቁ፤ ከድጃም ያበጠ እግሯን ረስታ አቀፈቻቸው። ሐዋ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እኔም በሩን ተደግፌ አብሬ አለቀስኩ። ፋጡማ መጥታ «አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነው አልኳት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።